ደም በቲዩብ ውስጥ ሲቆጣ፦ ከነጭ የደም ሴሎች የሚለቀቁ የብግነት ኬሚካሎችን ቆስቁሶ የመለካት ዝርዝር መመሪያ

የዚህ ሙከራ ውጤት ሲወጣ መጀመሪያ የማየው ምንም ያልተጨመረበትን ዌል (ፕሌቱ ላይ ካሉት ትንንሽ ጉድጓዶች አንዱን) ነው። ደምና ማሳደጊያ ፈሳሽ ብቻ፣ ቆስቋሽ የለበትም። እዚያ ያለው ቲኤንኤፍ፣ ከዋናዎቹ የብግነት ኬሚካሎች አንዱ፣ ዝቅ ብሎ ካገኘሁት ሌላውን ለማንበብ ወንበር እስባለሁ። ከፍ ብሎ ካገኘሁት ግን የቀረውን ፕሌት አላየውም። ደሙ እኛ ሳንነካው ተቆጥቶ መጥቷልና፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥር ምን እንደሚናገር አይታወቅም።

መመሪያውን የጻፍኩት ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ይህን ሥራ ለሚጀምሩ የማስተርስ ተማሪዎችና የላብ ባለሙያዎች ነው። 37 ዲግሪ የሚይዝ ኢንኩቤተር ወይም ወተር ባዝ፣ ሴንትሪፊውጅ፣ ፒፔት፣ ዲፕ ፍሪዘርና የኢላይዛ (ኬሚካሉን በአንቲቦዲና በቀለም የሚለካ ምርመራ) ማንበቢያ ካላችሁ ይበቃል። ሙሉ ደም ነው የምንጠቀመው፤ ሴል መለየት የለም። ሴል በተለየ ቁጥር ይነካካል፣ በተነካካ ቁጥርም ይቆጣል።

ደሙ ውስጥ የሚሆነው

ጎተራና ምጣድ ብላችሁ አስቡት። አንዳንዱ ሴል እንግዳ ሲመጣበት ጎተራ ከፍቶ ያወጣል፤ ሌላው ሊጥ አቡክቶ፣ ጋግሮ ነው የሚያቀርበው።

ባለ ጎተራው ባሶፊል ነው። ከነጭ የደም ሴሎች 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በደም ውስጥ ካለው ሂስታሚን አብዛኛው ግን የሚገኘው በእርሱ ከረጢቶች ውስጥ ነው። በላዩ ላይ አይጂኢ የተባለው አንቲቦዲ ተሰክቶ ይጠብቃል። አለርጂ የሚያስነሳ ነገር መጥቶ ሁለት አይጂኢዎችን ሲያያይዝ፣ ከሥር ያለው ተቀባይ ሲክ የተባለውን ኤንዛይም ያነቃል፤ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፤ ከረጢቶቹም ከሴሉ ሽፋን ጋር ተዋህደው ሂስታሚኑን ወደ ውጭ ይደፉታል። ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ያለ ካልሲየም ግን አንዱም አይሆንም፤ ይህን ያዙልኝ፣ ቲዩብ ስንመርጥ እንመለስበታለን።

ወደዚያው ጎተራ የሚያስገቡ ሌሎች በሮችም አሉ። ባክቴሪያ ፕሮቲኑን የሚጀምረው በፎርማይል ሜታዮኒን ነው፤ የእኛ ሴሎች ይህን ልክ እንደ ዘዬ ይለዩታል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ሰውየው አፉን ሲከፍት ከየት እንደመጣ እንደሚታወቀው፣ ሴሉም «ይሄ የቤት ልጅ አይደለም» ይላል። ኤፍኤምኤልፒ የተባለው አጭር ፔፕታይድ ይህን ዘዬ የሚያስመስል ነው። ኤ 23187 የተባለው ካልሲየም አይኖፎር ደግሞ ማንኛውንም ተቀባይ ሳያንኳኳ ካልሲየሙን በቀጥታ ያስገባል፤ ጎተራው መሙላቱን ብቻ ማረጋገጥ ስትፈልጉ ይጠቅማል።

ባለ ምጣዱ ሞኖሳይት ነው። ኤልፒኤስ የሚባለው የግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ የውጭ ሽፋን ክፍል ደም ውስጥ ሲገባ፣ በፕላዝማ ያለው ኤልቢፒ የተባለ ፕሮቲን ተቀብሎ ሴሉ ላይ ላለው ሲዲ14 ያስረክበዋል፤ ሲዲ14 ደግሞ ለቲኤልአር4 እና አብሮት ለሚቆመው ኤምዲ2። ከዚያ መልእክቱ በሴሉ ውስጥ ባለው ማይዲ88 በኩል ጂን የሚያስነብበውን ኤንኤፍ ካፓ ቢን አንቅቶ ወደ ኒውክሊየሱ ይልካል፣ የቲኤንኤፍ ጂን ይነበባል፣ ፕሮቲኑ ተሠርቶ ሽፋኑ ላይ ይቆማል፣ በመጨረሻም ኤንዛይም ቆርጦ ይለቀዋል። ሰዓታት የሚፈጀው ለዚህ ነው። ቲኤልአር4 የኤልፒኤስ ተቀባይ መሆኑን የብሩስ ቦይትለር ቡድን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ቦይትለር በ2011 ከኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ ሆኗል። ኤልቢፒ ፕላዝማ ውስጥ በመሆኑም ሙሉ ደም ስንጠቀም ሲረም መጨመር አያስፈልገንም።

በሁለቱ መካከል ሉኮትራይንና ፕሮስታግላንዲን አሉ፤ ከሴል ሽፋን ስብ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። አስፒሪን የፕሮስታግላንዲኑን መንገድ እንደሚዘጋ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳይቷል። እዚህ የማነሳው ለደም ሰጪ ምርጫ ስለሚያስፈልገን ብቻ ነው።

ነገሩ የመጽሐፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት የያዘው ሰው ፔኒሲሊን ሲወጋ በሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል። የባክቴሪያው ሽፋን ሊፖፕሮቲን ሞኖሳይቶቹን ስለሚቆሰቁስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ1992 እና በ1996 የታተሙ ጥናቶች አሉ፦ በመጀመሪያው ቲኤንኤፍ፣ እንዲሁም እንደ እርሱ መልእክት አድራሽ የሆኑት ኢንተርሉኪን 6 እና ኢንተርሉኪን 8 በሕመምተኞቹ ደም ሲያሻቅቡ ታዩ፤ በሁለተኛው ደግሞ ቲኤንኤፍን የሚይዝ አንቲቦዲ ቀድሞ ሲሰጥ ምላሹ ቀነሰ። እኛ በዌል ውስጥ የምናስነሳው ያንኑ ማዕበል በትንሹ ነው።

ደረጃ 1፦ ደም ሰጪው

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የለጋሹ ፊርማ ሳይያዝ መርፌ አይነካም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልወሰደ የላብ ሠራተኛም የማያውቀውን ሰው ደም አይክፈት።

ለጋሹን ባለፉት 10 ቀናት አስፒሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ወስዶ እንደሆነ ጠይቁ። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን መውሰዱን ለይታችሁ ጠይቁ፤ ስቴሮይድ ቲኤንኤፍን በግልጽ ይጫናል። ጉንፋን፣ ወባ፣ በቅርቡ የተወሰደ ክትባትም ይጻፍ። የጾም ወቅት ከሆነም እንደዚያው፤ የረመዳንም ይሁን የሁዳዴ።

ጫትን በሚመለከት በውጭ አገር የተጻፈ ፕሮቶኮል ምንም አይላችሁም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል። አድሬናሊንና ዘመዶቹ ደግሞ በሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን መልእክተኛ ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህም የቲኤንኤፍንም የሂስታሚንንም ልቀት የሚያበርድ ነው። እኔ በዚያው ቀን ወይም በዋዜማው የቃመ ለጋሽ አልወስድም፤ በርጫ ላይ አምሽቶ በምርቃና ሳይተኛ የመጣውን ደግሞ ጭራሽ። አጠያየቁ ግን ጥበብ ይፈልጋል። «ይቅማሉ?» ብትሉ ነጭ ጋዋን ፊት ብዙው ሰው «ኧረ እኔ!» ይላል። «ለመጨረሻ ጊዜ የቃሙት መቼ ነው?» በሉ፤ ሰዓቱን ሳይቀር ይነግራችኋል።

ኮርቲሶል ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ስለሚል ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ቅዱ። የእኔ ሰዓት ጠዋት 3 ነው።

ደረጃ 2፦ ቲዩቡ

አረንጓዴ ክዳን፣ ሄፓሪን። ሐምራዊውን አትጠቀሙ።

ሐምራዊው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ካልሲየሙን ጨምድዶ በመያዝ ነው። ካልሲየም ከሌለ ባሶፊሉ ጎተራውን አይከፍትም። ለሲቢሲ (ለደም ሴሎች ቆጠራ) ግን አንድ ሐምራዊ ቲዩብ አብራችሁ ቅዱ፤ የሞኖሳይትና የባሶፊል ቁጥር ከሌላችሁ ሁለት ሰዎችን ማወዳደር አትችሉም። ባለ 21 ቁጥር መርፌ ይሁን፣ የክንድ ማሰሪያው አይቆይ፣ ደሙ በኃይል አይሳብ። ከተቀዳ በኋላ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ገልብጡት። መነቅነቅ የለም።

ደረጃ 3፦ መንገዱ

ደሙ በተቀዳ በ2 ሰዓት ውስጥ ፕሌት ላይ መድረስ አለበት፤ እስከዚያው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይቆይ። አሁን ድሬዳዋ በሞቃቱ ወር ተቀድቶ ሐረር ላይ የሚሠራ ደም አስቡ። የድሬዳዋው ከዘራ ሰፈር ላይ ጥላ ውስጥ እንኳ ሙቀቱ 35 ዲግሪን ያልፋል። አንድ ጊዜ እኔው ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቲዩቦቹን በረዶ ላይ ቀበርኳቸውና በሚኒባስ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጣን። ሐረር ደርሼ ሳሽከረክረው ፕላዝማው እንደ ከርከዴ ቀልቶ ቁጭ አለ። በረዶውን ተደግፈው የመጡት ቀይ ሴሎች ፈርሰው ነበር፤ ብርድ ደግሞ ፕሌትሌትን ያነቃል። ሙከራው እዚያው አለቀ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው፦ የክትባት ሳጥን፣ በውስጡ በረዶ ሳይሆን ከፍሪጅ ወጥቶ ላቡ እስኪደርቅ የቆየ የውኃ ፓክ፣ በፎጣ የተጠቀለለ። ቲዩቦቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ቴርሞሜትር አብሮ ይግባ። ሳጥኑም በእቅፍ እንጂ ጣሪያ ላይ አይጫንም።

ደረጃ 4፦ ያልተጋበዘውን ኤልፒኤስ ማደን

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሞኖሳይት በሚሊ ሊትር ከ1 ናኖግራም ላነሰ ኤልፒኤስ ምላሽ ይሰጣል። ይህን ያህሉ ዓይን አያየውም፣ ፈሳሹን አያደፈርሰውም፣ አውቶክሌቭም አያጠፋውም። 121 ዲግሪ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ሬሳው ግን እዚያው ነው፣ ኤልፒኤሱ ደግሞ ከሬሳው ሽፋን ላይ። የብርጭቆ ዕቃን ማጽዳት የሚቻለው በደረቅ ሙቀት፣ በ250 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው። ፕላስቲክ ይህን አይችልምና ያልተከፈተና ከፓይሮጅን (ከትኩሳት አስነሺ) ነፃ ተብሎ የታሸገ ግዙ።

አንድ ቦታ ስሠራ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልተቆሰቆሰው ዌላችን ከተቆሰቆሰው እኩል ይጮህ ነበር። ለጋሽ ቀየርን፣ ኪት ቀየርን። አንድ ቀን ተማሪዋ ሪጀንት ስታዘጋጅ አጠገቧ ቆምኩ።

«ውኃው ከየት ነው?»

«የተጣራ ነው ጋሼ፤ ከዚያ ጀሪካን።»

«መቼ የተጣራ?»

«እሱን እንጃ። ግን አውቶክሌቭ አድርጌዋለሁ እኮ!»

ጀሪካኑን ዘቅዝቄ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ከታች በኩል፣ እጄታው ሥር፣ ጣት ሲነካው የሚያንሸራትት ስስ ልባጭ ነበረው። ቧንቧ በየቀኑ በማይመጣበት ከተማ ውኃ ማጠራቀም ግድ ነው፤ የተጣራ ውኃም ቆሞ ሲከርም ለምግብ የማይቸገሩ ግራም ኔጋቲቮች ይራቡበታል። ልጅቷ ጥፋት አልነበረባትም፤ ከሞት በኋላ የሚቀር መርዝ እንዳለ ማንም አልነገራትም።

መላው ቀላል ነው። ደም ለሚነካ ነገር ሁሉ ለመርፌ የተዘጋጀ ውኃ ወይም ያልተከፈተ የፋርማሲ ሴላይን (የጨው ውኃ) ተጠቀሙ፤ ወደ ደም ሥር የሚገባ ስለሆነ ለኢንዶቶክሲን፣ ማለትም ለዚያው ኤልፒኤስ፣ ተፈትሾ የወጣ ነው። የተከፈተው በዚያው ቀን ይለቅ። ለኢላይዛ ማጠቢያ ግን ይህን ሁሉ አትድከሙ፤ እዚያ ሕያው ሴል የለም፣ የጀሪካኑም ውኃ ያገለግላል።

ጥርጣሬ ሲገባችሁ የምትጠሩት መርማሪ ፖሊሚክሲን ቢ የተባለው አንቲባዮቲክ ነው። በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም አንድ ተጨማሪ ዌል ውስጥ ጨምሩ። ኤልፒኤስን ስለሚይዝ፣ ያልተቆሰቆሰው ዌል በእርሱ ከበረደ ሌባው ኤልፒኤስ ነው። ካልበረደ ደሙን፣ መንገዱን ወይም ለጋሹን ጠርጥሩ።

ደረጃ 5፦ የምጣዱ ሙከራ

ባለ 24 ዌል ፕሌት ውሰዱ። በየዌሉ 350 ማይክሮ ሊትር አርፒኤምአይ 1640 (የሴል ማሳደጊያው ፈሳሽ)፣ ከዚያ 100 ማይክሮ ሊትር ደም፣ በመጨረሻ 50 ማይክሮ ሊትር ቆስቋሽ፤ ድምሩ 500 ነው፣ ደሙም 5 እጥፍ ቀጠነ። እያንዳንዱን በሦስት ዌል ድገሙ።

የኤልፒኤሱ ስሌት፦ ስቶኩ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ከሆነ 100 እጥፍ አቅጥኑት፣ 10 ማይክሮግራም ይሆናል፤ ያንንም 100 እጥፍ፣ 100 ናኖግራም ይሆናል። ከዚህ 50 ማይክሮ ሊትር ዌሉ ውስጥ ሲገባ መጨረሻው 10 ናኖግራም ነው። ኤልፒኤስ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይወዳልና በየማቅጠኑ መካከል በቮርቴክስ በደንብ ምቱት። ይህን የዘለለ ሰው ዛሬና ነገ የተለያየ ቁጥር ያገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠሩ ከ0.01 እስከ 100 ናኖግራም በ10 እጥፍ እየጨመራችሁ መሰላሉን ሥሩ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ወይም ሁለቱን መርጣችሁ ትቀጥላላችሁ።

የማይቀሩት ዌሎች፦ ያልተቆሰቆሰ፤ ኤልፒኤስ፤ ኤልፒኤስ ከፖሊሚክሲን ቢ ጋር፤ የምትፈትኑት ነገር ዲኤምኤስኦ በተባለው ማሟሚያ የሟሟ ከሆነ ዲኤምኤስኦ ብቻ (ከ0.1 በመቶ አይብለጥ)። ኤልፒኤስ ከ1 ማይክሮሞላር ዴክሳሜታዞን ጋር ብታክሉ ደግሞ ሥርዓቱ ሲጫኑት እንደሚወርድ ታያላችሁ። የአካባቢያችንን ዕፅ ተዋጽኦ «ብግነት ያበርዳል» ብሎ ለመፈተን የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው፤ ተዋጽኦው ራሱ በኤልፒኤስ ተበክሎ ሊመጣ እንደሚችል፣ ወይም ሴሉን ገድሎ ዝም ሊያሰኘው እንደሚችል አትርሱ። የሞተ ሴልም ቲኤንኤፍ አይሠራም። የሴሎቹን ሕያውነት ሳትለኩ «አበረደ» አትበሉ።

በ37 ዲግሪና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስቀምጡ። ጋዙ ካለቀ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ፣ 25 ሚሊሞላር ሄፕስ (ፒኤች የሚያረጋጋ ቡፈር) ያለበት አርፒኤምአይ በተከደነ ቲዩብ ውስጥ፣ ወተር ባዝ ላይ፣ ለ4 ሰዓት ያህል ይሠራል። ለቲኤንኤፍ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ጥሩ ነው። ኢንተርሉኪን 6 ዘግየት ይላል፤ ኢንተርሉኪን 10 ለማየት 24 ሰዓት ጠብቁ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የጀመረ ከሰዓት 8 ላይ የመጀመሪያውን ያነሳል። መብራት ከጠፋ ክዳኑን አትክፈቱ፤ ወተር ባዝ ሙቀቱን ከኢንኩቤተር ይልቅ አቆይቶ ይይዛል። የጠፋበትንና የመጣበትን ደቂቃ ግን መዝገቡ ላይ ጻፉት።

ደረጃ 6፦ የጎተራው ሙከራ

እዚህ ላይ ፒቢኤስ (የተለመደው የላብ የጨው ቡፈር) አይሆንም፣ ካልሲየም የለውም። አርፒኤምአይም ያለው ጥቂት ነው። 20 ሚሊሞላር ሄፕስ፣ ሴሉ እንዳይፈነዳ በደም ልክ የሆነ ጨው (ሶዲየም ክሎራይድ)፣ ግሉኮስ፣ 1 ሚሊሞላር ማግኒዚየምና ከ1 እስከ 2 ሚሊሞላር ካልሲየም ያለበት፣ ፒኤቹ 7.4 የሆነ ቡፈር አዘጋጁ። 100 ማይክሮ ሊትር የሄፓሪን ደምና 100 ማይክሮ ሊትር ቆስቋሽ (በእጥፍ መጠን የተዘጋጀ) ለየብቻ 37 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አሙቁና ቀላቅሉ። በየ20 ሰከንዱ አንድ ቲዩብ እያላችሁ ሂዱ፤ ስታቆሙም በዚያው ቅደም ተከተል። ለፀረ አይጂኢ አንቲቦዲ በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮግራም፣ ለኤፍኤምኤልፒና ለአይኖፎሩ 1 ማይክሮሞላር መነሻ ይሁናችሁ። 30 ደቂቃ ይበቃል።

ማቆሚያው 400 ማይክሮ ሊትር በረዶ የቀዘቀዘ ቡፈር ነው፣ ኢዲቲኤ ያለበት። ጠዋት የሸሸነው ኢዲቲኤ ከሰዓት በኋላ ዘበኛ ሆኖ መጣ።

ሁለት ተጨማሪ ቲዩቦች ግድ ናቸው፦ ቡፈር ብቻ የገባበት፣ እና አጠቃላይ ሂስታሚኑ የሚታወቅበት፤ ይህኛው ሁለት ጊዜ በረዶ ሆኖ በሟሟ የሚፈርስ ነው። ሁሉም የመጨረሻ መጠናቸው እኩል ይሁን።

ፀረ አይጂኢ ሲበዛ ልቀቱ መልሶ ይወርዳል። እያንዳንዱ አይጂኢ ለብቻው ይያዝና ሁለቱን የሚያያይዝ ድልድይ ይጠፋል። ስለዚህ «መጠኑን ጨመርኩ፣ ውጤቱ ቀነሰ» የሚል ሰው ሪጀንቱን ከመጣሉ በፊት ወደ ታች ይሞክር።

ደረጃ 7፦ ማሽከርከርና ማቆየት

በ400 ጂ (የመሬት ስበትን 400 እጥፍ) ለ10 ደቂቃ። ማሽኑ የሚያሳየው አርፒኤም (በደቂቃ የሚዞረውን ዙር) ብቻ ከሆነ፣ ከመሐሉ እስከ ቲዩቡ ጫፍ በማስመሪያ ለኩ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 400 ጂ ማለት 1,540 አርፒኤም አካባቢ ነው። ፈሳሹን ከላይ በቀስታ ውሰዱ፣ ሴሎቹን አትንኩ። በትናንሹ ከፋፍላችሁ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ፤ አንዴ የሟሟ ተመልሶ አይገባም።

ደረጃ 8፦ ኢላይዛና ቁጥሩ

የቲኤንኤፍ ኢላይዛ ሳንድዊች ነው፣ ቲኤንኤፉ በሁለት አንቲቦዲዎች መካከል ይያዛል፤ ቀለሙ በደመቀ ቁጥር ብዙ አለ ማለት ነው። የሂስታሚን ኪቶች ግን በአብዛኛው ፉክክር ናቸው፣ የናሙናው ሂስታሚን ቀለም ከሚያወጣው የኪቱ ሂስታሚን ጋር ቦታ ይሻማል፤ ቀለሙ በደበዘዘ ቁጥር ነው ሂስታሚኑ የሚበዛው። ይህን ገልብጦ ያነበበ ሰው አይቻለሁ፣ ፓወርፖይንት ድረስ ሄዶበታል።

ከስታንዳርድ መስመሩ በላይ የወጣውን አቅጥናችሁ ድገሙ እንጂ መስመሩን በግምት አታስረዝሙ። ያገኛችሁትን በኢላይዛው ማቅጠኛ አባዙ፣ ወደ ሙሉ ደም ለመመለስ ደግሞ በ5፤ ከዚያ በሲቢሲው የሞኖሳይት ቁጥር አካፍሉ።

ለሂስታሚን የሚታየው በመቶኛ ነው። ቡፈር ብቻ ያለበት 2፣ አጠቃላዩ 52፣ የተቆሰቆሰው 22 ናኖግራም ቢሆን፦ 22 ሲቀነስ 2፣ 20 ነው፤ 52 ሲቀነስ 2፣ 50 ነው፤ ልቀቱ 40 በመቶ ሆነ። የቡፈሩ ብቻ ከአጠቃላዩ 5 በመቶ ካለፈ ወደ ደረጃ 2 እና 3 ተመለሱ።

አንዳንዱ ለጋሽ ሁሉም ነገር በትክክል ተሠርቶ ፀረ አይጂኢው ምንም አያስለቅቀውም። ከ10 ሰው 1 ወይም 2 እንዲህ ነው፤ ባሶፊሎቻቸው ያ ሲክ የተባለው ኤንዛይም ያጥራቸዋል፣ መልእክቱ ደጃፉ ላይ ይቀራል። ኤፍኤምኤልፒ በሌላ በር ስለሚገባ የእነርሱም ጎተራ ይከፈትለታል። ያንን ለጋሽ በኤፍኤምኤልፒ ሳታዩ ከመዝገብ አትሰርዙት።